የመዋጮ ዝርዝር አልገጥም ሲል

ሰንዳፋ አካባቢ ለኮሌጅ ክፍያ አቅም ላጠራቸው ልጆች ገንዘብ እናሰባስባለን። ቃል የገቡትና የከፈሉት ሰዎች ዝርዝር ግን አልገናኝ አለን። ብራቸውን በጊዜ የላኩ እናት «ይክፈሉ እንጂ» ተብሎ ሲደወልላቸው በጣም ይከብዳል።

በስም ማመሳከር አልሠራም፤ አንዱ ጋ «ኃይሉ» ያለው ሌላው ጋ «ሀይሉ» ነው። በስልክ ቁጥርም እምቢ አለ። የሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ኤክሴል የ09ን ዜሮ ይበላዋል፤ አንዳንዱ መዝጋቢ ደግሞ በ251 ጀምሯል።

መፍትሔው፦ መጀመሪያ በቁጥሮቹ መሃል ያለውን ክፍተት አጠፋን። ከሁለቱም ዝርዝር ግራ ጫፍ አዲስ ዓምድ ከፍተን፣ ከቀኝ ጫፍ ቆርጦ በሚያወጣው «ራይት» (RIGHT) ፎርሙላ የመጨረሻዎቹን 9 አኃዞች ብቻ ወሰድን። ከዚያ የአንዱን ዝርዝር ቁጥር ሌላው ውስጥ በሚፈልገው «ቪሉክአፕ» (VLOOKUP) ፎርሙላ አገናኘናቸው። ወዲያው ገጠመ! የቀሩት በልጃቸው ወይም በጎረቤት ስልክ የላኩ ናቸው፤ እነሱን ደውለን አጣራን።