ጎራዴ ከመግዛታችሁ በፊት እጀታውን እዩ

ደብረ ማርቆስ ያለው ቤቴ ውስጥ ሰባት የድሮ ጎራዴዎች አሉኝ። ሊያያቸው የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለቱን ይመዛል። እኔ ከእጀታው ጀምሩ እላለሁ። ስለቱ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዞሊንገን ከምትባለው የጀርመን ከተማ ሳይቀር ይመጣ ነበር። እጀታውን ጠርቦ መሐሉን ያቀጠነው፣ ጫፉን ያሰፋው ግን የአገራችን ባለእጅ ነው።

የድሮ እጀታ ከእንጨት፣ ከከብት ቀንድ ወይም ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራል። የስልካችሁን መብራት አብሩና አናቱን በማጉያ መነጽር እዩት። የአውራሪስ ቀንድ ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች የተጣበቁበት ስለሆነ አናቱ ላይ ነቁጥ ነቁጥ ይላል። የከብት ቀንድ ንብርብር አለው። ፕላስቲክ ሁለቱም የለውም። ሻጩ «በጋለ መርፌ እንሞክረው» ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ፤ ጠባሳው አይለቅም።

ቀጥሎ በእጃችሁ ጨብጡት። ብዙ የተያዘ እጀታ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ልስልስ ይላል፣ ጌጡ ሥር ያለው ሸካራ ሆኖ ይቀራል። ሁሉም ቦታ እኩል ካብረቀረቀ ጠርጥሩ።

አናቱ ላይ ማርትሬዛ ብር ካለ ደግሞ ረጋ በሉ። የመጀመሪያ ጎራዴዬን ስገዛ ሻጩ ብሩ ላይ ያለውን 1780 በጣቱ እያሳየ ዋጋውን ሰቀለብኝ። አመንኩት። ለካ ማርትሬዛ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ሲታተም የኖረው ያንኑ 1780 እንደያዘ ነው! በብሩ የጎራዴው ዕድሜ አይታወቅም።

ሕጉንም እወቁ። በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። የአውራሪስ ቀንድን ከአገር አገር መነገድም በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን እጀታ እዩት፣ ፎቶ አንሱት እንጂ ለንግድ አትመኙት።

ሁሉም ጎራዴ የሚገዛ አይደለም። ቢቸና አንዲት እናት ጋ ያየሁት እስከዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። እጀታው ላይ በቀጭን የብር ሽቦ የታሰረ ስንጥቅ ነበረው። «ልጄ፣ አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ ሲወጣ የያዘው ነው» አሉኝ። ዋጋ መጠየቅ አፈርኩ። ቁጭ ብዬ አያያዙን ብቻ አሳየኋቸው፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉ፣ በስስ ጨርቅ የስፌት መኪና ዘይት ይቀቡት፣ ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ አፎቱ ውስጥ አይተዉት።

አሁንም ሰኔ ሲገባ እደውልላቸዋለሁ። «እማማ፣ ከአፎቱ አወጡት?» እላለሁ። «አውጥቼ አልጋዬ ሥር በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ» ይሉኛል።