በቬኒስ ውሃ ላይ ተንሳፋፊ የመስታወት አዳራሽ ለመንደፍ

ንድፉ ከመስታወቱ ሳይሆን ከውሃው ይጀምር። በቬኒስ የባሕሩ ውሃ በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1966 እስከ 194 ሴንቲ ሜትር፣ በ2019 ደግሞ እስከ 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ከተማዋን አጥለቅልቋል። ከ2020 ጀምሮ ሞዜ የተባሉት፣ ከባሕሩ መግቢያዎች ላይ የሚነሱ ተንቀሳቃሽ የጎርፍ መዝጊያዎች ከፍተኛውን ውሃ ቢገቱም፣ አዳራሹ ከውሃው በታች ባለው መሬት በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ በሚንሸራተቱ ቀለበቶች ተይዞ ከውሃው ጋር መውጣትና መውረድ አለበት።

ቀጥሎ ክብደቱን አስሉ። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት 25 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ 10 በ20 ሜትር የሆነ ተንሳፋፊ መሠረት ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር በሰጠመ ቁጥር 20 ቶን ገደማ ይሸከማል። ሆኖም ዋናው ፈተና ሚዛን ነው፦ ጎብኚው ሁሉ የሳን ማርኮን የደወል ማማ ለማየት ወደ አንድ ጎን ሲሰበሰብ አዳራሹ እንዳያዘነብል፣ ከባዱን ነገር ሁሉ ከወለሉ በታች አስቀምጡ፤ ጣሪያውንም አቅልሉ።

የሞተር ጀልባዎች የሚያስነሱት ሞገድ አዳራሹን ያለማቋረጥ ያናውጠዋል። ስለዚህ ብረቱ የመስታወቱን ጠርዝ በቀጥታ እንዳይነካ በመካከላቸው ጎማ ይግባ፤ ቢሰነጠቅም እንዳይረግፍ፣ በመሃሉ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ድርብ መስታወት ይመረጥ።

በእኔ እምነት ጣሊያናዊው አርክቴክት አልዶ ሮሲ በ1979 በጀልባ መሠረት ላይ ያቆመው የእንጨት ቲያትር ከሁሉ የተሻለ አስተማሪ ነው፤ ቅርጹ ከከተማዋ ጉልላቶችና ማማዎች ጋር ይስማማ ነበርና። የበጋውን ሙቀት ለማስወጣት በጣሪያው መተንፈሻ ክፈቱ፤ ነጸብራቁም የጀልባ ነጂዎችን ዓይን እንዳይወጋ የመስታወቱን አቅጣጫ በየሰዓቱ የፀሐይ አቋም ፈትሹ።