ጎንደርን በስልክ ላይ መገንባት፦ የከተማ ግንባታ ጨዋታን ከባዶ መሬት እንዴት እንጀምር?

ጎሃ ኮረብታ ላይ ቆሞ ጎንደርን ቁልቁል ያየ ሰው የከተማዋን አቀማመጥ በአንድ ዓይን ይረዳዋል። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ ይወርዳሉ፤ በመካከላቸው ባለው ሸንተረር ላይ ፋሲል ግቢ ተቀምጧል። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻቸውን የቆረቆሩት በሁለት ወንዞች መካከል ነው። ከተማ የሚገነባበትን የስልክ ጨዋታ መማር ለሚፈልግ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ሸንተረር ነው፤ የመጀመሪያው ከተማችሁ ጎንደር ይሁን። የምታውቁትን ስፍራ ስትገነቡ መንገዱ ለምን እንደሚጨናነቅና ውሃው ለምን እንደሚያጥር ቶሎ ይገባችኋል።

አስቀድሞ ጨዋታውን መምረጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሲምሲቲ ቢልድኢት ዓይን የሚስብ ነው። ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ሚስማርና ጣውላ እያመረታችሁ እስኪደርስ መጠበቅ አለባችሁ፤ መጠበቅ የሰለቸው ሰው ደግሞ ገንዘብ እንዲያወጣ ይገፋፋዋል። እኔ ለጀማሪ ቴኦታውንን አስበልጣለሁ። ሥዕሉ ቀለል ያለ ነው፤ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰዓትም ይሠራል፤ ውድ ስልክም አይጠይቅም። ከዚህ በታች ያለው ምክር በዋናነት ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ነው።

አዲስ ከተማ ስትከፍቱ ወንዝ ያለበትን መሬት ምረጡ። መሬቱ እንደተከፈተ አንድም ነገር ሳትሠሩ ጊዜውን አቁሙት፤ ምልክቱ ሁለት ቋሚ መስመሮች ናቸው። ጊዜው ሲቆም ወጪም ይቆማልና ተረጋግታችሁ አስቡ። መሃሉ ላይ ለግንቡ የሚሆን ሰፋ ያለ ቦታ ባዶ ተዉ። የፋሲል ግቢ አጥር 900 ሜትር ያህል እንደሚሆን አስታውሱና አትሰስቱ። በስተደቡብ ደግሞ ለአዘዞ ሜዳ የሚሆን ቦታ አስቀሩ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ አንድ ዋና መንገድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሸንተረሩን ተከትላችሁ ዘርጉ፤ ከእርሱ ጥቂት መጋቢ መንገዶችን አውጡ። ብዙ ጀማሪ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ብዙ ሲመስለው መሬቱን በሙሉ በመንገድ ይሸነሽነዋል፤ ነገር ግን መንገድ ጥገና ይፈልጋል፤ ቤት ያልቆመበት መንገድ ግብር አያስገባም።

አሁን ኃይል ማመንጫ ሥሩ፤ ከዚያም መሬቱን ከልሉ። አረንጓዴው መኖሪያ፣ ሰማያዊው ንግድ፣ ቢጫው ኢንዱስትሪ ነው። ቤቶቹን እናንተ አትሠሯቸውም፤ መንገድና መብራት ካገኙ ነዋሪው ራሱ እየመጣ ይሠራል። ንግዱን ፒያሳ በሚሆነው ስፍራ በዋናው መንገድ ዳር አድርጉት። ፋብሪካውን ከመኖሪያው አርቁት፤ ጢስና ብክለት የደረሰበት ሰፈር ዋጋው ይወድቃል፤ ሰዉም ይለቅቃል። ሦስቱ የፍላጎት መለኪያዎች የትኛው ቦታ እንደጎደለ ያሳዩአችኋል። የጎደለውን በጥቂቱ ጨምሩ፤ ጊዜውን ልቀቁት፤ ተመልከቱ፤ ደግማችሁ ጨምሩ።

ስለ ውሃ ጠንከር አድርጌ ልናገር። ጀሪካን ይዞ ወረፋ የጠበቀ የጎንደር ልጅ ይህን ክፍል ከማንም በላይ ይረዳዋል። የአንገረብ ግድብ ከዳገቱ ታጥቦ በሚወርድ ደለል አቅሙ ሲቀንስ፣ የከተማዋ ሕዝብ ደግሞ እየጨመረ ሄዷል። በጨዋታውም ተጫዋቹ ነዋሪ ሲጎርፍለት ደስ ይለውና መኖሪያ መከለሉን ይቀጥላል፤ ውሃው ማለቁን የሚያውቀው ቤቶቹ ባዶ መሆን ሲጀምሩ ነው። ስለዚህ አዲስ ሰፈር ከመክፈታችሁ በፊት የውሃውን አቅርቦትና ፍጆታ አነጻጽሩ። እኔ የምከተለው ልክ ይህ ነው፦ ከአቅርቦቱ አንድ አምስተኛው ያህል ትርፍ ከሌለ አዲስ ቤት አልፈቅድም፤ አስቀድሜ ሌላ የውሃ መሳቢያ እሠራለሁ። ለመብራትም እንዲሁ ነው።

እሳት አደጋ መከላከያ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት እያንዳንዳቸው የሚሸፍኑት የተወሰነ ክልል አላቸው። ሕንፃውን ከማቆማችሁ በፊት ሽፋኑን ተመልከቱና ሁለት ሰፈር በሚያገናኝ ቦታ አኑሩት። ትልልቁን አትቸኩሉበት። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ነው የተጀመረው፤ የእናንተም ከተማ በአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ይጀምር።

ካዝናው ሲመናመን ግብሩን በአንድ ጊዜ ከፍ አታድርጉ፤ ነዋሪው ይሸሻል። በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ ከዚያ በፊት ግን ሥራ የፈታ ሕንፃ ካለ አፍርሱ። ብድር ውሰዱ የምለው ገቢ ለሚያስገባ ሥራ ብቻ ነው።

መንገዱ ሲጨናነቅ ብዙዎች ዋናውን መንገድ ያሰፋሉ። እኔ ግን ከፋብሪካው ሰፈር ከተማውን ሳይነካ የሚያልፍ ሌላ መንገድ ማውጣትና አውቶቡስ ማስገባት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ዋናውን ለማስፋት ዳርና ዳር ያሉትን ሱቆች ማፍረስ ግድ ይሆናልና ያሳዝናል።

ገቢው ከወጪው በልጦ መዝለቅ ሲጀምር ወደ አዘዞ ሜዳ ተመለሱ። አውሮፕላን ማረፊያ ሰፊና ለጥ ያለ መሬት ይፈልጋል፤ ቦታውን በጊዜ ያላስቀረ ተጫዋች ሙሉ ሰፈር ማፍረስ ይገደዳል። እናንተ ግን የጎንደሩ አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት አቅጣጫ አንድም ቤት ሳትነኩ ትሠሩታላችሁ።

መሃል ላይ የተዋችሁት ባዶ ቦታስ? ቴኦታውን ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሯቸውን ተጨማሪ ሕንፃዎች ይቀበላል፤ ግንብ የሚመስል ካገኛችሁ አቁሙበት። እስከዚያው ዙሪያውን ዛፍ ትከሉ፤ አንዱን ከበሩ ፊት ለፊት ለብቻው አድርጉት፤ የጃን ተከል ዋርካ እርሱ ይሁን።