ኢኮኖሚክስ ወይም ፋይናንስ ልትማሩ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ እንግዳ አያጣም። የብሎካችን ልጆች አንድ በአንድ ዩኒቨርሲቲ እየገቡ ነው። ኢኮኖሚክስ መማሬን ሰምተው ሃንድአውታቸውን ጠቅልለው ይመጣሉ። «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ያስረዱኝ» ይላሉ። ጋሼ ለመባል ገና ነኝ፣ ግን ለምጄዋለሁ።

የሚሳሳቱት እኔ ድሮ የተሳሳትኩትን ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ሁለቱን ትምህርት አንድ ማድረግ

እኛ ሀገር አካውንቲንግ ኤንድ ፋይናንስ አንድ ዲፓርትመንት ነው፣ ኢኮኖሚክስ ሌላ። ብዙ ልጅ ግን «ሁለቱም ባንክ ያስገባሉ» ብሎ የደረሰውን ይይዛል። ማስገባቱንስ ያስገባሉ። ችግሩ እስከዚያ ድረስ አብራችሁ የምትከርሙት ከባንኩ ጋር ሳይሆን ከኮርሱ ጋር መሆኑ ነው።

ሰፈራችሁ ያለውን ዳቦ ቤት አስቡት። «ባለቤቱ በዚህ ወር ስንት አተረፈ?» የሚለው ጥያቄ ከገረማችሁ አካውንቲንግ ይስማማችኋል። «ተበድሮ ሁለተኛ ምድጃ ቢገዛ ያዋጣዋል ወይ?» ካላችሁ ፋይናንስ ነው። «ዳቦው ለምን ተወደደ? ማንን ይጎዳል? መንግሥት ዋጋ ቢቆርጥለት ምን ይከተላል?» የምትሉ ከሆነ ወደ ኢኮኖሚክስ ኑ።

ፍሬሽማን ላይ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርስ ትወስዳላችሁ። ግሬድ ለማንሳት ብቻ አትውሰዱት፣ ቅመሱት። ከሰለቻችሁ ዲፓርትመንት ከመሙላታችሁ በፊት ማወቁ ይሻላል።

ከሒሳብ መሸሽ

እኔ ሶሻል የገባሁት ከሒሳብ ለማምለጥ ነው። አላመለጥኩም። ካልኩለስ ጠበቀኝ፣ ከኋላው ስታቲስቲክስ፣ ከእሱም ኋላ ኢኮኖሜትሪክስ፣ ማለትም የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የመፈተሽ ትምህርት።

የሚያስፈራው ግን ስሙ ነው። ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ሠላሳ ስኒ አፍልታለች እንበል። ሠላሳ አንደኛዋ ስኒ ስንት ታስወጣታለች? ከሰሉ ነዷል፣ ጀበናው ተጥዷል፤ የሚጨመረው ትንሽ ቡናና ስኳር ነው። «ማርጂናል ኮስት» የሚባለው ይኼው ነው፤ በካልኩለስ የጠቅላላ ወጪው ዴሪቬቲቭ ነው። አማካይ ወጪዋን ከተጨማሪዋ ስኒ ወጪ ጋር ያምታታ ተማሪ ማይክሮን፣ ማለትም የገዢና የሻጭን ኢኮኖሚክስ፣ በሙሉ ያምታታል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ በእስክሪብቶ፣ ራሳችሁ ሥሩ። የተሠራ መልስ እያዩ ጭንቅላት መነቅነቅ ጥናት አይደለም።

ቃሉን መሸምደድ፣ ነገሩን መተው

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉሙን ቃል በቃል ይዘውት ይመጣሉ። ግራፉንም እንደ ሥዕል ነው የሚይዙት። የፍላጎት (ዲማንድ) እና የአቅርቦት መስመሮች የት እንደሚቋረጡ ያውቃሉ። ለምን እንደሚቋረጡ ስትጠይቃቸው ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

ባለፈው ክረምት አንዱን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ «ሽንኩርት ተወዷል። ምን ተፈጠረ?» አልኩት።

«ዋጋ ሲጨምር ዲማንድ ይቀንሳል» አለኝ ሳይተነፍስ።

ይዤው ወረድኩ። ከብሎካችን ሥር ጉሊት አለ። ሽንኩርት የሚሸጡ እማማ አሉ፤ ከሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ በጆንያ እያስመጡ በመደብ የሚሸጡ።

«እማማ፣ ለፋሲካ ሽንኩርት ሲወደድና ክረምት ሲወደድ ልዩነት አለው?»

«እንዴት የለውም የኔ ልጅ!» አሉ። «ለፋሲካ ሁሉም ዶሮ ይሠራል። ተወደደም አልተወደደም ሦስት ጆንያ አመጣለሁ፣ ያልቃል። ክረምት ነው እንጂ ጉዱ። ከገበሬው ጋ የለም፣ የመጣውም እሳት ነው። አንዷን ጆንያ ሳምንት ሙሉ አቅፌያት እቀመጣለሁ።»

ልጁ ዝም አለ። እማማ ያስተማሩት ማይክሮ ነው። ለፋሲካ ዋጋውም የሚሸጠውም መጠን አብረው ወጡ። ስለዚህ የተገፋው የፍላጎት መስመር ነው። ክረምት ግን ዋጋው ወጣ፣ መጠኑ ወረደ። የተንቀሳቀሰው የአቅርቦት መስመር ነው። የገዢው የፍላጎት መስመር ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ገዢው በዚያው መስመር ላይ ተንሸራቶ ትንሽ ገዛ።

ፈተና ላይ «ፍላጎት ቀነሰ» እና «የተፈለገው መጠን ቀነሰ» ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። አንዱ ዜሮ ያመጣል። «ዋጋ ጨመረ» የሚል ጥያቄ ስታዩ መስመር ለመሳል አትቸኩሉ። መጀመሪያ «መጠኑስ?» በሉ።

ልምምዱ ቀላል ነው። ያነበባችሁትን ማታ ለእናታችሁ በአማርኛ አስረዱ። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትጠሩ። ካልገባቸው አልገባችሁም።

ብርን በቁጥሩ ማመን

ወደ እማማ ልመለስ። መደባቸው 20 ብር ነው። ድሮም 20 ነበር፣ አሁንም 20 ነው። ግን መደቡ ላይ አምስት ሽንኩርት ነበር፣ አሁን ሦስት ሆኗል። አንዱ ሽንኩርት ከ4 ብር ወደ 6 ብር ከ67 ሳንቲም ገባ። ዋጋው ሳይነካ 67 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። በስም ያለውን ዋጋና እውነተኛውን የመለየት ትምህርት ከዚህ ይጀምራል።

እኔ ራሴ ከተመረቅሁ በኋላ ተበልቻለሁ። ደመወዜን ባንክ እያስቀመጥኩ በ7 በመቶ ወለድ ደስ ይለኝ ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሄድ ነው የነቃሁት። 100 ብሬ 107 ሆነ። በ100 ብር እገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130 ገባ። 107 ለ130 ሲካፈል 0.82 ነው። በወለዱ እየተደሰትኩ የመግዛት አቅሜን ወደ 18 በመቶ የሚጠጋ አጣሁ። ያውም ኢኮኖሚክስ የተመረቀ ሰው!

ፋይናንስ ላይ ደግሞ «የገንዘብ የጊዜ ዋጋ» የሚባለው ምዕራፍ ብዙ ልጅ ያደክማል። ዕቁብ አለላችሁ አይደል? አሥራ ሁለት ሰው፣ በወር 2,000 ብር። ዕጣው 24,000 ነው። መጀመሪያ የወጣለትም መጨረሻ የወጣለትም እኩል ያዋጣል፣ እኩል ያነሳል። ታዲያ ሰው ለምን የመጀመሪያውን ዕጣ ይመኛል? በወር 2 በመቶ ወለድ ብታሰሉት ከአሥራ አንድ ወር በኋላ የሚመጣው 24,000 ዛሬ 19,300 ብር ገደማ ብቻ ነው የሚያወጣው። ቀመሩን ከመጽሐፉ ላይ ከማየታችሁ በፊት ይቺን በካልኩሌተር ሥሯት። ከዚያ በኋላ ቀመሩ ራሱ ይከተላችኋል።

የሰው ሀገር ኢኮኖሚ ብቻ ማወቅ

መማሪያ መጻሕፍቱ በአብዛኛው ከአሜሪካ ናቸው። ምሳሌያቸውም የዚያ ነው። ስለ አሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሁለት ገጽ የሚጽፍ ልጅ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምን እንዳደረገ ስትጠይቀው ያፍራል።

እኛ ተማሪ በነበርንበት ጊዜ ያላገኘነው ላቦራቶሪ እናንተ ጋ ራሱ መጥቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያው ሐምሌ ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ (ሌሎች ወለዶች እንዲከተሉት ራሱ የሚወስነውን) ይዞ መጣ። ጥር 2 ቀን 2017 አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ተከፈተ፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የማክሮ (የጠቅላላ ሀገር ኢኮኖሚ) ደብተራችሁ ጠርዝ ላይ እነዚህን ጻፏቸው። ለእያንዳንዱ «መጽሐፉ ምን ይከተላል ይላል? ኮዬ ላይስ ምን ሆነ?» እያላችሁ።

በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር ብሎካችን ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንዱ አክሲዮን 300 ብር ነበር። ሰዎች «ርካሽ ነው ጋሼ፣ እንግዛ?» አሉኝ። 300 ብር ብቻውን ርካሽም ውድም አይደለም። ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የኩባንያው 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ሙሉው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ነው፣ በ300 ሲባዛ 300 ቢሊዮን ብር። ጥያቄው አሁን ይጀምራል፦ በዓመት ስንት የሚያተርፍ ኩባንያ 300 ቢሊዮን ይገባዋል? ይሄን ሒሳብ በራሱ የሠራ ተማሪ ፋይናንስ ጀምሯል። የዋጋ መለያውን አይቶ የቸኮለው ግን ገና ገበያተኛ ነው።

መንገዱን ነፃ አድርጎ ማሰብ

ይቺ የእኛ የዳር ሰፈር ሰዎች ናት። ከኮዬ መሐል ከተማ ደርሶ መልስ፣ ከነሰልፉ፣ ሦስት ሰዓት ብትበላ በሳምንት አሥራ አምስት ሰዓት ነው። በአሥራ ስድስት ሳምንት ሴሚስተር 240 ሰዓት። ተመላላሽ ከሆናችሁ ሰልፉ ላይ ስትቆሙ የተቀዳ ሌክቸር ይኑራችሁ፣ ወይ ጥያቄ የጻፋችሁበት ትንሽ ወረቀት። ስለ ኦፖርቹኒቲ ኮስት፣ ማለትም አንዱን ስትመርጡ ስለሚቀርባችሁ ሌላ ጥቅም፣ እየተማሩ የራስን ሰዓት አለመቁጠር ያሳዝናል።

ኮምፒዩተሩን ለመጨረሻ ማቆየት

ኤክሴልን አንደኛ ዓመት ላይ ጀምሩ። ላፕቶፕ ባይኖራችሁ ላብ አለ። ስታታ የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር መጀመሪያ የምታዩት ጥናት ስትጽፉ ከሆነ ዘግይታችኋል። ስለመውጫ ፈተናውም ይኸው፦ ከ2015 ጀምሮ ያለ ነው፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ባለፉት ዓመታት የተማራችኋቸውን ዋና ዋና ኮርሶች ይጠይቃል። ስለዚህ ሞጁሎቻችሁን ሸጣችሁ ሻይ አትጠጡበት።

ሲኒየር ኤሴይ መግዛት

ሲኒየር ኤሴይ የመመረቂያ ጥናታችሁ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የሰው ጥናት ርዕስ ለውጦ ማስረከብ የተለመደ ሆኗል። በእኔ ጊዜ አንዱ ጓደኛችን የገዛው ጥናት ምስጋናው ላይ የሌላ ሰው እናት ተመስግነው ነበር። ዲፌንስ ላይ (ጥናቱን መምህራን ፊት ሲያቀርብ) መምህሩ «እናትህ እንዴት ናቸው?» ብለው ጀመሩት።

የሚያስገዛው ግን ስንፍና ብቻ አይደለም፣ ርዕሱ ነው። «የዋጋ ንረት በኢትዮጵያ ዕድገት ላይ ያለው ተፅዕኖ» ብሎ የጀመረ ልጅ በሦስት ወር የት ይደርሳል? ትንሽ ርዕስ ያዙ፣ በእግራችሁ ሄዳችሁ ልትቆጥሩት የምትችሉትን። ያ የሁለተኛ ዓመት ልጅ ከአሁኑ ጀምሯል። የጉሊት ሻጮች ዋጋ ሲጨምር መደቡን ነው የሚያሳንሱት ወይስ ብሩን ነው የሚጨምሩት የሚል ነገር ይዟል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ እማማ አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አንድ መደብ ሳይገዛ መልስ አይሰጡትም። እናቱ ሽንኩርት በዛብኝ ብለው እኔ ጋ መላክ ጀምረዋል።