ኦቨርሎክ ሲያስቸግር፦ ቴንሽኑን ከመነካካትዎ በፊት

ጎንደር ላይ ጥር ሲቃረብ ልብስ ሰፊ እንቅልፍ የለውም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለ ደንበኛ ከከተራ በፊት ልብሱን ይፈልጋል። የኦቨርሎክም (የጨርቅ ጠርዝ እየቆረጠ የሚዘመዝመው ማሽን) አመል የሚነሳው ያኔ ነው። ክር ይበጥሳል፣ ጠርዙን ያዝረከርካል። የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ቴንሽኑ፣ ክሩን ወደሚያጠብቀውና ወደሚያላላው መቆጣጠሪያ ነው። ቆይ ይበሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው የክሩ አገባብ ላይ ነው።

ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉና ክሩን በሙሉ ያውጡ። ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር ወደ ላይ ያንሱ። ክሩን በሁለት እጅ ወጠር አድርገው በቴንሽን ሳህኖቹ መሃል ያስገቡት። ላይ ላዩን ከቀረ የቴንሽኑን ቁጥር 9 ቢያደርሱትም ለውጥ የለም። እግሩን አውርደው ክሩን ሲስቡት ያዝ ማድረግ አለበት። የክር መሪው ዘንግም እስከ ጫፉ ተስቦ ይውጣ።

ባለ 4 ክር ማሽን ላይ ክር ሲገባ በአብዛኛው የላይኛው ሉፐር (ክሩን ጠርዙ ላይ የሚጠመጥመው መንጠቆ መሰል ብረት) ይቀድማል፣ የታችኛው ይከተላል፣ መርፌዎቹ መጨረሻ ናቸው። የታችኛው ሉፐር ክር ብቻ ሲበጠስ ብዙዎች እሱን ብቻ አስገብተው ይቀጥላሉ። ወዲያው ደግሞ ይበጠሳል! የመርፌው ክር ሉፐሩ ላይ እንደተጠመጠመ ስለሚቀር ነው። ስለዚህ የመርፌዎቹን ክር ከቀዳዳቸው ያውጡ፣ የሉፐሩን ያስገቡ፣ ከዚያ ወደ መርፌዎቹ ይመለሱ። ፔዳሉን ከመርገጥዎ በፊት መዘውሩን በእጅ ዞር ዞር ያድርጉት።

አሁን ወደ ቴንሽኑ። አራት የተለያየ ቀለም ያለው ክር ያስገቡ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ 4 አካባቢ ያድርጉና በሚሰፉት ጨርቅ ቁራጭ ላይ ይሞክሩ። የሁለቱ ሉፐሮች ክር ልክ ጠርዙ ላይ መገናኘት አለበት። የላይኛው ቀለም ወደ ታች ከዞረ የላይኛውን ያጥብቁ ወይም የታችኛውን ያላሉ። የታችኛው ላይ ከወጣ ተቃራኒውን ያድርጉ። ስፌቱን ሳብ ሲያደርጉት አፉን ከከፈተ የመርፌው ክር ላልቷል፤ ጨርቁ ከተሸበሸበ ጠብቋል። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ፣ ግማሽ ቁጥር ይንኩ። ቁጥር የሌለው የፋብሪካ ማሽን ከሆነ ሩብ ዙር ይበቃል።

የቲሸርት ጨርቅ ጠርዙ ከተወዛወዘ ዲፈረንሻሉን (ጨርቅ የሚስቡትን የፊትና የኋላ ጥርሶች የፍጥነት ልዩነት የሚያስተካክለውን) ከ1 ወደ 1.5 ወይም 2 ያሳድጉት።

ስፌት ከዘለለ መርፌ ይቀይሩ፤ እስከ ላይ ድረስ መግባቱንም ይዩ። የግራው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢታይ አይደንግጡ፣ አሠራሩ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወርደው የክር ኮን ሲገዙም አንድ ክንድ ያህል ፈተው በብርሃን ይዩት። ፀጉራምና ቋጠሮ የበዛበት ከሆነ ይተዉት። የሸማ ብናኝም በሳህኖቹ መሃል ይጠራቀማልና በብሩሽ ይጥረጉ።

ብረት ከብረት ሲጋጭ ከሰሙ ግን ወዲያው ያቁሙ። የሉፐሩና የመርፌው አቀማመጥ ሳይዛባ አይቀርም፤ እሱን ለማሽን ጠጋኝ ይተዉለት።