የአዋቂዎች ኮርስ ፖስተር ስትሰሩ እነዚህን አትድገሙ (በተለይ የመጀመሪያዋን)

ለትንንሽ የአዋቂዎች ማሰልጠኛዎች ፖስተርና ፍላየር ስሰራ ቆይቻለሁ፣ ቋንቋ፣ ኮምፒውተር፣ ሂሳብ አያያዝ፣ ልብስ ስፌት ምናምን። ባለቤቱም አስተማሪውም ስልክ አንሺውም አንድ ሰው የሆነባቸው ቤቶች ናቸው። ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ልጅ "እስቲ እይልኝ" ብሎ የላከልኝን ስከፍት ያው የድሮው ስህተት ቁጭ ብሏል፣ በቃ ልጻፈው አልኩ።

ሰዓቱን አለመጻፍ

"ምዝገባ ጀምረናል" አለ፣ "ልምድ ባላቸው መምህራን" አለ፣ "በተግባር የተደገፈ" አለ፣ የሌለ ነገር የለም። መቼ ነው የሚማሩት? የለም! ኧረ በናታችሁ፣ ይሄ ኮርስ ለአዋቂ ነው። አዋቂ ሰው ስራ አለው፣ ልጅ የሚያመጣበት ሰዓት አለው፣ ቤት የሚያስታምመው ሰው ሊኖር ይችላል። ፖስተሩን ሲያይ መጀመሪያ የሚያሰላው የትምህርቱን ጥራት አይደለም፣ "ከስራ ወጥቼ እደርሳለሁ ወይ?" ነው የሚለው፣ መልሱን ካጣው ደግሞ አብዛኛው ሰው ደውሎ አይጠይቅም፣ በጣቱ ገፋ አርጎ ያልፋል።

እኔም ከዚ ስህተት ነው የመጣሁት። አንድ የማታ ኮምፒውተር ኮርስ ፍላየር ሰርቼ ነበር፣ ጥቁር ሰማያዊ ጀርባ፣ ቢጫ ርዕስ፣ በጣም አምሮልኝ ላገኘሁት ሁሉ እያሳየሁ። 1,000 ኮፒ ታተመ። ከሳምንት በኋላ ለሌላ ስራ ባለቤቷ ጋ ሄጄ፣ እያስተማረች ስለነበር ክፍሉ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ስልኳ ጮኸ። "ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ፣ አዎ ማታ ነው" ብላ ዘጋች። ማርከሯን አንስታ አንድ መስመር ሳትጨርስ ደግሞ ጮኸ፣ "ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ…"። አራተኛው ላይ ተማሪዎቹ ገና ስልኩ ሲጮህ በአንድ ድምጽ "ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ!" አሉና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት፣ ምክንያቱም "ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ ማታ" የምትለዋን መስመር ቦታ ጠበበኝ ብዬ ያወጣኋት እኔው ነኝ፣ በቦታዋ ሶስት ኮከብ አስቀምጬ!

ስለዚ የትኞቹ ቀኖች፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሳምንት፣ መቼ ይጀምራል። ከኮርሱ ስም ቀጥሎ ትልቁ ጽሁፍ ይሄ ይሁን። ክፍያውንም ጻፉት፣ "በተመጣጣኝ ዋጋ" ማለት ምንም አለማለት ነው።

ሁሉንም ኮርስ አንድ ምስል ላይ ማጨቅ

ባለቤቱ "ያው አንዴ ከተከፈለበት አስራ አንዱንም አስገባው" ይላችኋል። ይገባኛል፣ ገንዘብ ነው። ግን እንግሊዝኛ የሚፈልግ ሰው ስፌት ስለመኖሩ ምን አገባው? አንድ ኮርስ አንድ ምስል። አንዱን በደንብ ሰርታችሁ ቀለምና ጽሁፍ እየቀየራችሁ አስራ አንድ ማውጣት የግማሽ ቀን ስራ ነው።

በትልቅ ስክሪን ሰርቶ በትልቅ ስክሪን ማጽደቅ

ስልክ ላይ የሚለጠፈውን 1080 በ1350 ፒክስል አርጋችሁ ስሩና ወደ ስልካችሁ ላኩት፣ ከዛ ክንዳችሁን ዘርጋ አርጋችሁ አንብቡ። ተማሪያችሁ 45 ወይ 50 ዓመት ሊሆነው ይችላል፣ የሰው አይን ደግሞ ከ40 አካባቢ ጀምሮ የቅርብ ነገር ላይ ይደክማል። ነጭ ላይ የፈዘዘ ግራጫ መጻፍ ለእናንተ "ክላስ" ይመስላል፣ ለሱ ባዶ ወረቀት ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎች ለተራ ጽሁፍ በጽሁፉና በጀርባው መሃል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብሩህነት ልዩነት (ኮንትራስት) ይጠይቃሉ፣ የሚለኩ ነጻ መሳሪያዎች ሞልተዋል፣ ለኩት።

የፊደሉ ጉዳይ ለብቻው ያናድደኛል። ካንቫ የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ያሉት ቴምፕሌቶች (ተዘጋጅተው የሚመጡ ዲዛይኖች) አብዛኞቹ ለላቲን የተሰሩ ናቸው፣ ርዕሱ ጎልቶ የሚታየው በትልልቁ ፊደል ስለተጻፈ ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፣ ስለዚ አማርኛውን ስትለጥፉበት ርዕሱም ዝርዝሩም እኩል ሆኖ ቁጭ ይላል፣ መጠኑንና ውፍረቱን ራሳችሁ ማስተካከል አለባችሁ። ቦልድ ስትጫኑ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ፎንቱ የራሱ ወፍራም ዝርያ ከሌለው ፕሮግራሙ መስመሩን ዝም ብሎ ያሳብጠዋል፣ ጨ፣ ጩ፣ ጪ በትንሹ ሲታዩ አንድ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ።

"ተመዝገብ!"

ሴቶቹስ? ለስፌት ኮርስ "ፈጥነህ ተመዝገብ" የሚል አይቻለሁ። "ይመዝገቡ" በሉ፣ ወንዱንም ሴቷንም ይይዛል፣ የ50 ዓመት ሰውም አይከፋውም። "ሳይረፍድብዎ"፣ "አሁንም አልችልም እያሉ ነው?" ዓይነቱንም ተዉት። ሰውየው አለመቻሉን እሱ ያውቀዋል፣ ፖስተር ላይ አይሰደብ።

ስዕሉም እንደዛው ነው፣ ማንበብና መጻፍ ለሚማሩ አዋቂዎች የህጻናት ፊደል ኩብና ካርቱን ንብ አይለጠፍም። ለስድስት ሳምንት ኮርስ የምረቃ ቆብ የሚወረውሩ ወጣቶችም አይሆኑም። ከተማሪዎቹ ፈቃድ ጠይቃችሁ ክፍሉን በስልክ አንሱት፣ ትንሽ ቢጨልምም የእውነት ነው።

ስልክ ላይ ለሚታይ ምስል ኪውአር ኮድ

በስልኩ የሚያየውን በምን ስካን ሊያደርገው ነው? አንዳንድ ስልክ ከምስል ላይ ያነባል፣ ግን ስንቱ ሰው ያውቀዋል። ለፖስት ሊንክ ስጡ፣ ኪውአሩን ወረቀት ላይ አርጉት፣ እዛም ከ2 ሴንቲሜትር አታሳንሱት፣ ዙሪያውን ነጭ ቦታ ተዉለት።

የህትመት ነገሮች

ከቴሌግራም ስክሪን ሾት የተደረገ ሎጎ አትቀበሉ፣ ዋናው በፋይል ይላክላችሁ፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። ኤ5 ፍላየር (የኤ4 ግማሽ) በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ 1748 በ2480 ፒክስል ነው፣ ከዛ ውጪ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ለመቁረጫ ትርፍ ጨምሩ። ስክሪን ላይ የሚያበራው ደማቅ አረንጓዴ ወረቀት ላይ አይወጣም፣ አንድ ናሙና ሳታዩ ሙሉውን አታሳትሙ።

የስልክ ቁጥሩን በአይን ብቻ ማረም

ካለቀው ፋይል ላይ እያያችሁ ደውሉበት። ኮፒ ካደረጋችሁበት ቻት አይደለም፣ ከምስሉ ላይ! እኔ አንዴ ሁለት አሃዝ አገላብጬ አሳትሜ ለሁለት ሳምንት ተማሪ ጠፋ። መጨረሻ ላይ እንደ ደዋይ ሆኜ ብሞክረው አንድ ሽማግሌ አነሱት። ማን እንደሆንኩ ተናግሬ ይቅርታ ስጠይቅ አልተቆጡም። "አይዞህ ልጄ፣ ሁሉንም ቦታ ሞልቷል እያልኩ መልሼልሃለሁ" አሉኝ።