ከስትሪንግ ፊደል ስናወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ስትሪንግ ማለት ኮድ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው፤ አንዱን ፊደል የምንጠራበት የቦታ ቁጥር ኢንዴክስ ይባላል። ፓይተን በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የቫሪያብል ስም ስለሚቀበል ምሳሌውን በአማርኛ ልጻፈው፦

ስም = "ሰላማዊት"

ከ1 መቁጠር። ስም[1] ብትሉ የሚመጣው «ላ» ነው፤ «ሰ» ያለችው 0 ላይ ነው። የመጨረሻዋ «ት»ም 4 ላይ ናት። ስም[5] ካላችሁ ኮዱ በኤረር ይቆማል፤ ወዲያው ስለሚታይ ብዙም አያስከፋም። ኤስኪውኤልና ኤክሴል ከ1 ስለሚቆጥሩ ዳታቤዝ ላይ የዋለ ሰው እዚህ ቢስት አይፈረድበትም።

ኔጌቲቭ ኢንዴክስ (ከመጨረሻ የሚቆጥር) በሁሉም ቋንቋ ይሠራል ማለት። ፓይተን ለስም[-1] «ት»ን ይሰጣል። ጃቫስክሪፕት ግን በቅንፍ ሲጠየቅ አንዲፋይንድ (ዋጋ የለም) ይላል፣ ጃቫ ላይ ፊደል የሚያወጣው ቻርአት ደግሞ ኤረር ይወረውራል።

የፍለጋውን ውጤት ሳያጣሩ መጠቀም። እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የስምና የአባት ስም መነሻ ፊደላትን ለማተም ስንፈልግ፣ የአባትን ስም ፊደል ለማግኘት ክፍት ቦታው ያለበትን ቁጥር በፋይንድ ፈልገን 1 እንደምራለን። «ሰላማዊት በቀለ» ላይ ክፍት ቦታው 5 ላይ ነው፣ 6 ላይ «በ» አለች፤ ሰላም ነው። ተጠቃሚዋ የአባቷን ስም ከዘለለች ወይም በክፍት ቦታው ፋንታ «፡» ከጻፈች ግን ፋይንድ -1 ይመልሳል። 1 ሲደመርበት 0 ይሆናል። ኮዱም ምንም ኤረር ሳያሳይ «ሰ.ሰ.» ብሎ ያትማል! ከመደመራችሁ በፊት -1 መሆን አለመሆኑን በኢፍ ፈትሹ።

ባይትን እንደ ፊደል መቁጠር። ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጠው በባይት ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የአቀማመጥ ስልት «ሰ» 3 ባይት ትወስዳለች። ጎ እና ፒኤችፒ የሚባሉት ቋንቋዎች ደግሞ በኢንዴክስ ሲጠየቁ የሚያወጡት ባይት ነው። ጎ ላይ የ«ሰላማዊት» ርዝመት 15 ነው፣ 0 ላይ ያለውም 225። «አበበ»ን ብትሞክሩም ያው 225 ነው፤ የአማርኛ ፊደላት በሙሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነውና። ጎ ላይ መጀመሪያ ወደ ሩን ስላይስ (የፊደላት ዝርዝር) ቀይሩት፤ ፒኤችፒ ላይ ኤምቢ ሰብስትርን ተጠቀሙ። ኮዳችሁን በላቲን ፊደል በተጻፈ ስም ብቻ ከሞከራችሁት ይሄ ችግር ብቅ አይልም።

ጃቫ ላይ ሁለት ቻር (ነጠላ ፊደል) በ+ ማገናኘት። 'አ' + 'በ' «አበ» አይሆንም፤ በዩኒኮድ (ለየፊደሉ መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዝርዝር) ያላቸው ቁጥር ተደምሮ 9472 ይታተማል። መሃላቸው "" ማስገባት ይበቃል።

አንድ ኢንዴክስ ሁልጊዜ አንድ ፊደል ነው ብሎ ማመን። ጃቫና ጃቫስክሪፕት ላይ ይህ ለአማርኛ ይሠራል። ዩኒኮድ በ2021 በ14ኛው ስሪቱ የጨመራቸው የጉራጊኛ ፊደላት ግን እንደ ኢሞጂ ሁለት ሁለት ቦታ ስለሚይዙ በኢንዴክስ ሲጠሩ ግማሻቸው ብቻ ይመጣል። ጃቫስክሪፕት ላይ ስትሪንጉን በአሬይ ፍሮም ወደ አሬይ (ዝርዝር) ከፋፍላችሁ ከአሬዩ ውስጥ ብታወጡ ፊደሉ ሙሉውን ይመጣል።